ባለቤቱ እጁን ይዞ ያስገባው

የቤት ኮምፒውተር ቫይረስ ሲገባበት ብዙ ሰው የሚለው «ታዲያ አንቲቫይረሱ ምን ይሠራ ነበር?» ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ግን የሚቀድመው አለ። ያ ፕሮግራም ሥራ የጀመረው በማን ፈቃድ ነው? ቫይረስ የምንለው ነገር ከካልኩሌተር ወይም ከሙዚቃ ማጫወቻ በተፈጥሮው አይለይም፤ ኮምፒውተሩ ተራ በተራ የሚፈጽማቸው ትእዛዞች ስብስብ ነው። ፋይሉ ዲስክ ላይ ዓመት ሙሉ ቢቀመጥ ማንንም አይነካም። ጉዳቱ የሚጀምረው አንድ ሰው ወይም አንድ ነገር ሲያስነሳው ነው። ስለዚህ ኮምፒውተር እንዴት እንደሚጠቃ ለመረዳት ሁለት ነገር መከታተል ይበቃል፤ ማን አስነሳው፣ ሲነሳስ ምን ሥልጣን ያዘ።

ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ የመመረቂያ ጽሑፉን ያሳተመ ሁሉ ከሚያውቀው ነገር እንጀምር። ፍላሹን ቤት ወስደው ሲሰኩት ፎልደሮቹ በየቦታቸው አሉ። ግን በእያንዳንዱ ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት በቅላለች፤ ከጎናቸውም «ሾርትከት» ተብሎ ተጽፏል፤ መጠናቸው ደግሞ አንድ ሁለት ኪሎባይት ሆኗል። ፋይሉን ቫይረስ በላው ተብሎ ይለቀሳል። አልበላውም። እውነተኞቹ ፎልደሮች እዚያው ፍላሹ ላይ ናቸው፤ እንዳይታዩ ብቻ ተደብቀዋል። በምትካቸው የፎልደር መልክ የተሰጣቸው ሾርትከቶች ተቀምጠዋል።

ከሾርትከቶቹ አንዱን በቀኝ ማውስ ተጭነው ፕሮፐርቲስ ውስጥ ቢገቡና «ታርጌት» የሚለውን መስመር ቢያነቡ ነገሩ ይገለጥልዎታል። እዚያ የሚያገኙት የፎልደር አድራሻ ሳይሆን ሁለት ትእዛዝ ነው። አንደኛው ፍላሹ ላይ የተደበቀውን ስክሪፕት (የትእዛዞች ዝርዝር የያዘ ፋይል) አስነሳ ይላል። ሁለተኛው ትክክለኛውን ፎልደር ክፈት ይላል። ተንኮሉ ያለው በሁለተኛው ነው። ሰውየው የፈለገው ፎልደር ስለተከፈተለት ምንም አይጠረጥርም፤ ስክሪፕቱ ግን ኮምፒውተሩ ላይ ራሱን ገልብጦ፣ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር እንዲነሳ ራሱን አስመዝግቦ፣ ቀጥሎ የሚሰካውን ፍላሽ ይጠብቃል። ፍላሹን ብቻ ማጽዳት ዋጋ የማይኖረውም ለዚህ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የተነሳው ስክሪፕት ካልቆመ ሾርትከቶቹ ሲሰረዙ ወዲያው ተመልሰው ይመጣሉ።

ይህ ቫይረስ ቢያንስ የእርስዎን ክሊክ ይጠብቃል። ከእሱ የቀደሙት አንዳንዶቹ ይህንንም አይጠብቁም ነበር። ዊንዶውስ ኤክስፒ ሲዲ ወይም ፍላሽ ሲሰካበት «ኦቶራን» የምትባል ትንሽ ፋይል ፈልጎ፣ እሷ አስነሳ ያለችውን ራሱ ያስነሳ ወይም ለማስነሳት ያቀርብ ነበር። የተሠራው ለተጠቃሚው ምቾት ነው፤ ሲዲ ሲያስገቡ ጌሙ ራሱ እንዲጀምርልዎ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2008 የታየው ኮንፊከር የተባለ ቫይረስ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችን ሲይዝ (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከተጠቀመባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነበር። ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ 7 ላይ ይህን ለፍላሽ ዘጋው፤ ለኤክስፒና ለቪስታ ተጠቃሚዎች ደግሞ በፌብሩዋሪ 2011 በአፕዴት ላከላቸው። የሾርትከቱ ዘዴ ያ በር ከተዘጋ በኋላ የጠቀመ መላ ነው። ኮምፒውተሩ ራሱ የማያስነሳውን፣ ሰውየው እንዲያስነሳው ማድረግ።

ሰውን በስም መሸወድ ደግሞ ከዚያም ይቀድማል። በሜይ 2000 ከፊሊፒንስ ተነስቶ በአንድ ቀን ዓለምን ያዳረሰው «አይ ላቭ ዩ» የተባለ ኢሜይል የፍቅር ደብዳቤ የሚመስል ፋይል ይዞ ነበር። ስሙ ላይ «ቲኤክስቲ» የሚል ስለሚነበብ ተራ ጽሑፍ ይመስላል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው እውነተኛው መጨረሻ ግን «ቪቢኤስ» ነበር፤ ስክሪፕት ማለት ነው። ዊንዶውስ የሚያውቃቸውን የፋይል መጨረሻዎች ስለሚደብቅ ያችን ክፍል ያየ ጥቂት ነው። ጠንሳሹ ተደርሶበት ነበር፤ በጊዜው ፊሊፒንስ ውስጥ ድርጊቱን የሚከለክል ሕግ ስላልነበረ ግን ክሱ ቀረ። የሚገርመኝ ዊንዶውስ 11ም እስካሁን እነዚህን መጨረሻዎች ደብቆ መምጣቱ ነው። በፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ «ቪው» ከዚያም «ሾው» ከሚለው ገብተው «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን ምልክት ማድረግ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ ከዚያ በኋላ በ«ፒዲኤፍ» ስም የመጣ «ኢኤክስኢ» ራሱን በቀላሉ መደበቅ አይችልም።

እንግዲህ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የት ነበር? ለዚህ መልስ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ዛሬ የምንገለገልባቸው ሲስተሞች የጥበቃ ሐሳባቸውን የወረሱት አንድ ውድ ኮምፒውተርን ብዙ ሰው ይጋራ ከነበረበት ዘመን ነው። ዩኒክስ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም በ1969 በአሜሪካው የምርምር ተቋም ቤል ላብስ ሲጀመር የዘመኑ ስጋት አንዱ ተጠቃሚ የሌላውን ፋይል እንዳይነካ፣ ማንም ተራ ተጠቃሚ ደግሞ የሲስተሙን ፋይል እንዳያበላሽ ነበር። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ሰው አካውንት፣ ለእያንዳንዱ ፋይል ባለቤት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ አስተዳዳሪ ማድረግ ሆነ። በ1993 የወጣው ዊንዶውስ ኤንቲም በዚሁ መንገድ ሄደ። በየቤቱ የገቡት ዊንዶውስ 95 እና 98 ግን ይህ ጥበቃ አልነበራቸውም፤ ለቤት ተጠቃሚ የደረሰው በ2001 ከኤክስፒ ጋር ነው። ያኔም ቢሆን ሁሉም ሰው አስተዳዳሪ ሆኖ ስለሚገባ ከስም አላለፈም።

ልብ ይበሉ፤ ይህ ጥበቃ የሚጠይቀው «አንተ ማነህ?» ብሎ ነው፤ «የምታስነሳው ፕሮግራም ምንድን ነው?» ብሎ አይደለም። እርስዎ ያስነሱት ፕሮግራም እርስዎ መክፈት የሚችሉትን ሁሉ ይከፍታል፣ መሰረዝ የሚችሉትን ሁሉ ይሰርዛል። የግቢ ዘበኛ የማያውቀውን ሰው በር ላይ ያስቆማል፤ ባለቤቱ እጁን ይዞ ያስገባውን እንግዳ ግን ማን ብሎ ይጠይቃል?

በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ቪስታ ይህን ለማረም ሞከረ። አስተዳዳሪ የሆነ ሰው እንኳ በዘወትር ሥራው እንደ ተራ ተጠቃሚ እንዲሠራ፣ ሲስተሙን የሚነካ ነገር ሲመጣ ብቻ እንዲጠየቅ አደረገ። ስክሪኑ ድንገት ደብዘዝ ብሎ፣ ይህ ፕሮግራም በኮምፒውተርዎ ላይ ለውጥ እንዲያደርግ ይፈቅዳሉ ወይ ብሎ የሚመጣው ሳጥን ያ ነው። መደብዘዙ ለጌጥ አይደለም። ጥያቄው የሚቀርበው ሌሎች ፕሮግራሞች እጃቸውን በማይዘረጉበት የተለየ ስክሪን ላይ ነው፤ ቫይረሱ ራሱ በእርስዎ ፈንታ «የስ» ብሎ እንዳይጫን። ሳጥኑ ላይ ዓይን ማረፍ ያለበት «ፐብሊሸር» የሚለው መስመር ላይ ነው፤ ማን እንደሠራው ያልታወቀ ከሆነ «አንኖውን» ይላል። ብዙዎቻችን ግን ሳጥኑን ሳናነብ መጫን ለምደናል።

ይህን ልማድ ከምንም በላይ ያስተማረን፣ በእኔ እይታ፣ ክራክ ነው። ስለ ፈቃድ ክፍያ መስበክ አልፈልግም፤ የዋናው ዊንዶውስ ዋጋ በብር ሲመነዘር ምን እንደሚያህል ሁላችንም እናውቃለን። የደኅንነቱ ጣጣ ግን ሌላ ነው። የሶፍትዌር መቆለፊያ የሚሰብር ፕሮግራም የሲስተሙን ፋይሎች መነካካት ስላለበት የአስተዳዳሪ ሥልጣን ይጠይቃል፤ የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ ዲፌንደርም ስለሚይዘው «መጀመሪያ ዲፌንደርን አጥፉ» የሚል መመሪያ ይዞ ይመጣል። ሰውየው መመሪያውን ይከተላል። ያ ክራክ ንጹሕ ቢሆን እንኳ፣ ቀጥሎ የሚመጣውና ንጹሕ ያልሆነው የሚያቀርበው ጥያቄ ቃል በቃል አንድ ነው። ሁለቱን የሚለይበት መሣሪያ ደግሞ በገዛ እጁ ጠፍቷል።

አሁን ከሁሉ የሚከብደው ይመጣል። የአስተዳዳሪውን ሥልጣን በጥንቃቄ ቢጠብቁ የሚድነው ሲስተሙ ነው። የልጆችዎ ፎቶ፣ የጻፉት ጽሑፍ፣ ብሮውዘሩ ያስቀመጠልዎት ፓስወርድ የሲስተሙ አይደሉም፤ የእርስዎ ናቸው። በእርስዎ ስም የተነሳ ፕሮግራም እነሱን ለመንካት ማንንም አይጠይቅም። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ራንሰምዌር ሰነዶችዎን ሲቆልፍ፣ ፓስወርድ የሚለቅመውም ብሮውዘርዎን ሲያራቁት ያ የደበዘዘ ስክሪን ጨርሶ ላይመጣ ይችላል። ዊንዶውስ ፈርሶ ቢጠፋ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጫናል፤ ፎቶውን የሚጭንልዎት የለም። ስልክ ላይ ነገሩ የተለየ ነው። አንድሮይድ እያንዳንዱን አፕ እንደ ሌላ ተጠቃሚ ቆጥሮ ለየብቻው ያጥረዋል፤ ፎቶ ለማየት፣ ማይክ ለመክፈት አፑ ማስፈቀድ አለበት። ማይክሮሶፍትም በ2017 መጨረሻ ወደዚያ የሚያቀርብ ነገር ዊንዶውስ 10 ላይ አስገብቷል፤ «ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ» ይባላል፤ ያልታወቀ ፕሮግራም የሰነድና የፎቶ ፎልደሮችን እንዳይለውጥ ይከለክላል። እርስዎ ዲፌንደር ውስጥ ገብተው ካላበሩት ግን ጠፍቶ ነው የሚመጣው።

ማንም ሳይጫነው የሚገባም አለ። ኦፐሬቲንግ ሲስተም በሰው የተጻፈ ስለሆነ ስህተት አያጣም፤ አንዳንዱ ስህተት ደግሞ በኔትወርክ የመጣ መልእክት ወደ ትእዛዝ እንዲለወጥ ያደርጋል። ማይክሮሶፍት በማርች 14፣ 2017 በዊንዶውስ የፋይል መጋሪያ ላይ የነበረ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ደፈነ። በዚያው ቀዳዳ የሚገባ የአሜሪካው የስለላ ተቋም ኤንኤስኤ መሣሪያ በኤፕሪል ሾልኮ ወጣ። በሜይ 12 ዋናክራይ የተባለው ራንሰምዌር ያንን መሣሪያ ይዞ ተነሳና ከ150 በሚበልጡ አገሮች የኮምፒውተሮችን ፋይል ቆልፎ 300 ዶላር በቢትኮይን ጠየቀ፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰረዙ። አብዛኞቹ ተጠቂዎች ዊንዶውስ 7 ነበሩ። መድኃኒቱ ሁለት ወር ሊሞላው ሲል እጃቸው ላይ ነበር፤ አልጫኑትም እንጂ።

እኛ ዘንድ አፕዴት የሚጠፋበት ምክንያት የታወቀ ነው፤ ፓኬጅ ይበላል። ስልኩን ሆትስፖት አድርጎ ለሚሠራ ሰው በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ሳያስበው ሲሄድበት ብሽቅ ማለቱ አይፈረድበትም። ሆኖም ማጥፋትና ማዘግየት አንድ አይደሉም። ዊንዶውስ ላይ ኮኔክሽኑን «ሚተርድ» ካሉት አብዛኛው አፕዴት ይቆያል፤ ነጻ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሲደርሱ ያወርዳሉ። ማክ ያለውም አይኩራራ። በ2012 ፍላሽባክ የተባለ ቫይረስ ከ600,000 የሚበልጡ ማኮችን የያዘው በጃቫ ቀዳዳ ነበር፤ የጃቫ ባለቤት ኦራክል በፌብሩዋሪ የደፈነውን ቀዳዳ አፕል ለራሱ ተጠቃሚዎች ያደረሰው በኤፕሪል ነው።

«የኔን ኮምፒውተር ማን ይፈልገዋል?» ለሚል ሰው አሜሪካ ፍርድ ቤት የደረሰ አንድ ጉዳይ አለ። በሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ፣ ኪዳኔ በሚል ተለዋጭ ስም፣ በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። በክሱ መሠረት በኢሜይል የመጣ የወርድ ፋይል ሲከፈት ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም ቤቱ ባለው ኮምፒውተር ላይ ተቀመጠ፤ የስካይፕ ጥሪዎቹንና የቤተሰቡን የኢንተርኔት አጠቃቀም ለወራት ቀዳ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በማርች 2017 ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ አልተፈጸመም፣ የውጭ መንግሥት ያለመከሰስ መብት አለው ብሎ ዘጋው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲትዝን ላብ ባወጣው ጥናት መሠረት ደግሞ በውጭ የሚኖሩ የኢትዮጵያ መንግሥት ተቃዋሚዎች የቪዲዮ ሊንክ ይላክላቸው፣ ሲከፍቱት «ፍላሽ ፕሌየርዎን አፕዴት ያድርጉ» ይባሉ ነበር። ሰላዮቹ አፕዴት ማድረግ ጥሩ ነው የሚለውን ትምህርት ራሱን ወጥመድ አደረጉት ማለት ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው ጥያቄው ከየት እንደመጣ በማየት ነው። እውነተኛ አፕዴት ከሲስተሙ ወይም ከፕሮግራሙ ከራሱ ይመጣል፤ ቪዲዮ ለማየት የገቡበት ገጽ የሚያቀርብልዎት አፕዴት ይዘጋል።

ከተያዘ በኋላስ? የሰፈራችን መድኃኒት አንድ ነው፤ ፎርማት ማስደረግ። ባለሙያው ፋይሉን ፍላሽ ላይ ይገለብጣል፣ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ይጭናል፣ ያንኑ ፍላሽ ይመልሳል፣ ከዚያ በክራክ ያነቃዋል። ቫይረሱ በሁለት በር ተመልሶ ሊገባ ይችላል ማለት ነው። ፎርማቱ እንዲሠራ የሚመለሰው ሰነድና ፎቶ ብቻ መሆን አለበት፤ ሾርትከት፣ ስክሪፕትና «ኢኤክስኢ» አይመለስም። ለፎቶዎቹ ደግሞ ከመያዙ በፊት በሌላ ሃርድ ዲስክ የተቀመጠ ቅጂ ያሻል፤ ዲስኩም ሲገለበጥ ብቻ የሚሰካ፣ ሲያልቅ የሚነቀል መሆን አለበት፤ ተሰክቶ ከዋለ ራንሰምዌር እሱንም አብሮ ይቆልፈዋል።

ፎርማት የማይመልሰው ነገርም አለ፤ የተሰረቀ ፓስወርድ። ሌባው ከብሮውዘሩ የወሰደው በፓስወርዱ ፋንታ ገብተው የቆዩበትን የሎጊን ኩኪ ከሆነ፣ በስልክ የሚመጣው የማረጋገጫ ቁጥርም ላያግደው ይችላል። ያም ሆነ ይህ ፓስወርዱ የሚቀየረው ከተያዘው ኮምፒውተር ሳይሆን ከሌላ ንጹሕ መሣሪያ ነው። ኢሜይሉ ይቀድማል፤ የሌሎቹ ሁሉ መቀየሪያ ሊንክ የሚመጣው ወደ እሱ ነውና። ቀጥሎ በየአካውንቱ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የተከፈተባቸውን መሣሪያዎች ዝርዝር ማየትና፣ የተሰረቀው ኩኪ እንዳይሠራ፣ ሁሉንም «ሳይን አውት» ማድረግ ያስፈልጋል፤ ባንክና ቴሌግራም ከዚህ ዝርዝር እንዳይቀሩ።