ወንድም ወይም እኅት ስለ ሞተበት ልጅ የተጻፈ ትምህርት

የተወደድህ አንባቢ ሆይ፤ ከአንድ ቤት ልጅ በሞት በተለየ ጊዜ በአገራችን የሚደረገውን ሥርዓት ታውቃለህ። ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ዕድርተኛው ወንበርና ዕቃ ያመጣል። እናቲቱን ሴቶች ከግራና ከቀኝ ይደግፏታል፤ አባትየውንም ሽማግሎች ከብበው እግዚአብሔር ያጥናህ ይሉታል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ሐዋርያው ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት በ12ኛው ምዕራፍ የሚያለቅሱትን በልቅሷቸው እንድንተባበር አዝዞናልና። ነገር ግን በዚያው ቤት በማጀቱ ጥግ፥ ወይም ይጫወት ተብሎ በተላከበት በጎረቤት ግቢ፥ ማንም ያጥናህ ያላለው አንድ ኀዘንተኛ ተቀምጦ ይገኛል። እርሱም የሟቹ ታናሽ ወይም ታላቅ ነው። ከሞተው ጋር በአንድ መኝታ ይተኛ፥ በአንድ ገበታ ይበላ የነበረው እርሱ ነው። ይህ ትምህርት ስለ እርሱ ተጻፈ።

1ኛ፤ ልጅ እንደሚያዝን እንወቅ።

ብዙ ሰዎች ሕፃን ኀዘን አያውቅም ይላሉ። ይህንም የሚሉት ጥዋት ሲያለቅስ ያዩትን ልጅ በቀትር ሲሮጥና ሲስቅ ስለሚያገኙት ነው። ነገር ግን የልጅ ኀዘን እንደ ክረምት ዝናብና ፀሐይ ይፈራረቃል እንጂ እንደ ትልቅ ሰው ኀዘን ቀኑን ሁሉ አይቀመጥም። ቢጫወት ረሳ ማለት አይደለም፤ ሸክሙ ስለ ከበደው ጥቂት አሳርፎት ነው እንጂ።

በሀንጋሪ አገር በቡዳፔስት ከተማ ማሪያ ናጊ የተባለች መርማሪ ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 10 ዓመት የሆነ 378 ልጆችን ስለ ሞት መርምራ ያገኘችውን በ1948 ዓመት እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር አሳተመች። ከ5 ዓመት በታች ያሉት ሞትን እንደ መንገድ መሄድ ወይም እንደ እንቅልፍ ያስቡት ነበር። ከዚያ ከፍ ያሉት ሞት እውነተኛ መሆኑን ቢያውቁም መጥቶ እንደሚወስድ ሰው አድርገው ይሥሉት ነበር። 9 ዓመት ያለፋቸው ግን ለሥጋ ለባሽ ሁሉ የማይቀር መሆኑን ተረድተው ነበር። ከእርሷ በኋላ የተነሡ መርማሪዎችም ብዙ ልጆች 7 ዓመት ሳይሞላቸው ሞት መመለሻ እንደሌለው እንደሚያስተውሉ ጽፈዋል። እንግዲህ አንድ ታናሽ ልጅ ወንድሜ መቼ ይመጣል ብሎ አሥር ጊዜ ቢጠይቅ አትቈጣው፤ ዕድሜው ነውና። ሌሊት በመኝታው ላይ ቢሸና፥ ሆዴን ይላል እንጂ ሌላ ሕመም ባይገኝበት፥ ከእናቱ ቀሚስ አልለይ ቢል፥ ወይም ከጓደኞቹ ጋር ቢደባደብ፥ ኀዘኑ በዚያ በኩል እየወጣ እንደ ሆነ መርምር።

2ኛ፤ እውነቱን በቀላል ቃል እንንገረው።

ከርኅራኄ የተነሣ ለልጆች ሦስት ዓይነት ነገር መንገር ልማድ ሆኗል። አንዳንዱ ወንድምህ ሩቅ አገር ሄደ ይላል፤ ልጁም ሳይሰናበተኝ ለምን ሄደ እያለ በደጅ ሲጠብቅ ይኖራል። አንዳንዱ ተኝቷል ይላል፤ ልጁም ከዚያ ሌሊት ጀምሮ መተኛትን ይፈራል። አንዳንዱም እግዚአብሔር ስለ ወደደው ወሰደው ይላል፤ ልጁም እኔንም ቢወደኝስ ብሎ ከአምላኩ ይሸሸጋል። እነዚህ ቃላት ለጊዜው ያረጋጋሉ፤ ኋላ ግን እውነቱን ከመንገድ ልጆች በሰማ ቀን ሌላውም የነገራችሁት ሁሉ ይጠረጠራል።

ስለዚህ የሚወደውና የሚያምነው ሰው አጠገቡ ተቀምጦ፥ እጁን ይዞ፥ ወንድምህ ጽኑ ሕመም ታሞ ነበር፤ ሥጋው መሥራት ስላቃተው ሞተ፤ አሁን አይታመምም፥ አይበርደውም፥ አይርበውም፤ እኛም በጣም እናዝናለን፤ አንተን ግን እንጠብቅሃለን፥ ብሎ ይንገረው። ጉንፋን ወይም ራስ ምታት የያዘው ሁሉ እንደማይሞትም ይጨምርለት። ወደ ቀብር ወይም ወደ ድንኳኑ መሄድን የሚፈልግ ልጅ የሚያየውን አስቀድመው ነግረውት፥ አንድ ዘመድ እጁን ይዞ ይውሰደው፤ የሚፈራውን ግን ማንም አያስገድደው።

3ኛ፤ ከበደል ስሜት እናውጣው።

ልጆች በኳስ ወይም በእንጀራ ቍራሽ ተጣልተው አንዱ ሌላውን ሙት ይለዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ያ ልጅ በእውነት ቢሞት፥ የተናገረው ልጅ እኔ ገደልሁት ብሎ ያስባል፤ ለማንም ግን አይናገርም። በትንሽ ልጅ አሳብ ቃል እንደ እጅ ይሠራልና። ስለዚህ እስኪጠይቅህ ሳትጠብቅ፥ የገደለው ሕመም ነው እንጂ የተናገርኸው ወይም ያሰብኸው ነገር አይደለም በለው። ትልልቆችም በልጁ ፊት ይህ የማን ኃጢአት ነው እየተባባሉ ከመናገር ይከልከሉ። በዮሐንስ ወንጌል በ9ኛው ምዕራፍ ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ጥፋቱን በማን ላይ እንደሚያደርጉ በጠየቁ ጊዜ ጌታችን በእርሱም በወላጆቹም ላይ እንዳላደረገ አስተውል።

4ኛ፤ ልቅሶውን አንከልክለው።

ማርቲን ሉተር በዊተንበርግ ሳለ በ1542 ዓመት ማግዳሌና የምትባል የ13 ዓመት ልጁ ታመመች። ወንድሟን ሐንስን በጣም ስለ ናፈቀች አባቷ በቶርጋው ከተማ ከሚማርበት ትምህርት ቤት አስጠራላት። እርሱም መጣ፤ እርሷም በመስከረም ወር በአባቷ ክንድ ላይ አረፈች። ሉተር ለወዳጁ ለዮናስ በላከው ደብዳቤ ስለ መልካም አሟሟቷ ማመስገን ሲገባቸው እርሱና ሚስቱ ያለ እንባና ያለ ሲቃ ይህን ማድረግ እንዳልቻሉ ገለጠ። ሐንስ ግን ወደ ትምህርቱ ከተመለሰ በኋላ ናፍቆትና ኀዘን በዛበትና ወደ ቤቱ ሊመለስ ወደደ። አባቱም በታኅሣሥ፥ እናቱን በኀዘን ላይ ኀዘን እንዳይጨምርባት እንባውን እንደ ወንድ እንዲያሸንፍ ጻፈለት።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን አስብ። የገዛ እንባውን መግታት ያልቻለ አባት የ16 ዓመቱ ልጅ እንባውን እንዲገታ ፈለገ። ክፋት አልነበረም፤ ለሚስቱ መሳሳት ነበር። እኛም ወንድ ልጅ አያለቅስም፥ እናትህን አታስለቅሳት፥ ስንል ይህንኑ እናደርጋለን፤ ልጁም እንባውን ውጦ የወላጆቹ አጽናኝ ሊሆን ይሞክራል። ይህ ሸክም ለትከሻው አይደለም።

የጌታችንን ምሳሌ ደግሞ በዮሐንስ ወንጌል በ11ኛው ምዕራፍ ተመልከት። ወንድማቸው አልዓዛር የሞተባቸው ሁለት እኅቶች ነበሩ። ማርታ ወጥታ ተቀበለችው፥ ጠየቀችውም፤ እርሱም ስለ ትንሣኤ ተነጋገራት። ማርያም ግን በእግሩ ሥር ወድቃ አለቀሰች፤ እርሱም ከእርሷና አብረዋት ካለቀሱት ጋር አለቀሰ። ለምትጠይቀው ቃል ሰጠ፤ ለምታለቅሰው እንባ ሰጠ። በአንድ ቤት ያሉ ልጆችም እንዲሁ ይለያያሉና እያንዳንዱን እንደ ጠባዩ ልንቀርበው ይገባናል።

5ኛ፤ የቀረው ልጅ የሟቹ ምትክ አይደለም።

ያዕቆብ ዮሴፍ የሞተ በመሰለው ጊዜ መጽናናትን እንቢ አለ። ከዚያም ብንያምን ከዓይኑ አልለይም አለ፤ በኦሪት ዘፍጥረት በ42ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈም፥ የቀረልኝ እርሱ ብቻ ነው የሚል አሳብ በሌሎቹ ልጆቹ ፊት ተናገረ። ቆመው የሚሰሙት ልጆች ምን ተሰማቸው? በኀዘን ቤትም እናት እንዲህ ስትል የቆመው ልጅ እኔስ ልጅሽ አይደለሁምን ይላል በልቡ።

በአገራችን ከሞት በኋላ የተወለደውን ልጅ ምትኩ፥ ካሣ፥ ተካልኝ፥ ማስረሻ ብሎ መሰየም ልማድ ነው። ስሙ የወላጅ ጸሎት ነውና አይነቀፍም። ነገር ግን ልጁን ከሟቹ ጋር ማወዳደር፥ እርሱ ቢኖር እንዲህ ባላደረገ ነበር ማለት፥ ክፉ ነው። የሞተው ልጅ ከእንግዲህ አያጠፋም፤ በሕይወት ያለው ግን ገና ሲማር ያጠፋል፤ እንግዲህ ፉክክሩ የማይሸነፍ ነው። ዳግመኛም ሕያው የሆነውን ልጅ ከፍርሃት የተነሣ ከወንዝ፥ ከመንገድ፥ ከጨዋታ ሁሉ መከልከል የብንያምን ቀንበር በላዩ መጫን ነው።

6ኛ፤ ልናደርገው የሚገባን።

ወላጆች ኀዘን በጸናባቸው ጊዜ አንዲት አክስት ወይም አንድ አጎት ለልጁ ይመደብ፤ ምግቡን፥ መኝታውንና ትምህርቱን በየሰዓቱ ይጠብቅለት። በቤቱ የነበረው ሥርዓት ሳይፈርስ መቀጠሉ ለልጅ ታላቅ መጽናኛ ነውና። የሟቹን ስም አትሸሽጉ፤ ልብሱን ወይም ደብተሩን ወንድሙ ይያዝ ቢል ፍቀዱለት። ከሠልስትና ከአርባ በኋላም እንግዳው ሁሉ ሲበተን ልጁን ጠይቁት፤ የብዙ ልጆች ኀዘን የሚገለጠው ያን ጊዜ ነውና። አንተም ተማሪ ብትሆን፥ በክፍልህ ወንድሙ የሞተበት ጓደኛ ቢኖር፥ አትሽሸው፤ ቃል ቢያጣህ አጠገቡ ተቀመጥ። ለብዙ ወራት የማይተኛ፥ የማይበላ ወይም እኔም ልሙት የሚል ልጅ ቢኖር ግን ሳትዘገዩ ለሐኪም አሳዩት።

ሐዋርያው ለተሰሎንቄ ሰዎች በመጀመሪያው መልእክቱ በ4ኛው ምዕራፍ ተስፋ እንደሌላቸው አታዝኑ አለ እንጂ ፈጽማችሁ አታዝኑ አላለም። ልጁም ተስፋን የሚማረው በድንኳኑ ከሚነገረው ስብከት ይልቅ፥ አልቅሳ ፊቷን ታጥባ ምሳውን ከምታቀርብለት እናቱ ነው። እንግዲህ ወዳጄ ሆይ፥ ነገ ወደ ለቅሶ ቤት በሄድህ ጊዜ፥ አባትዬውን ያጥናህ ካልኸው በኋላ፥ ልጁ የት አለ ብለህ ጠይቅ፤ ሄደህም በአጠገቡ ተቀመጥ። ሕፃናትን ወደ እርሱ የጠራ ጌታ ይህን ሥራህን አይረሳውም።