በሰፈራ ጣቢያ ጥገና ቤት የብረት አያያዝ

ድርቅ ከቀዬው ያፈናቀለው ገበሬ በአዲስ ሥፍራ ሲቋቋም፣ ከእህልና ከመጠለያ ቀጥሎ የሚያሻው የእርሻ መሣሪያ ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ብዙ ሕዝብ ወደ መተከል፣ ጋምቤላ፣ ኢሉባቦርና ወለጋ በተወሰደ ጊዜ፣ ከሰፈራዎቹ ብዙዎቹ ከገበያ የራቁና መንገዳቸው በክረምት የሚበላሽ ነበሩ። እንዲህ ባለ ሥፍራ ያለ ጥገና ቤት ክረምቱን የሚሠራው በእጁ በሚገኘው ብረት ብቻ ነው። በክምር ሥር ተቀብሮ ያልተገኘ ብረት እንደሌለ ይቆጠራል፤ ማረሻው ሳይጠገን የዘር ወቅት ያለፈበት ቤተሰብም ለሌላ ዓመት እርዳታ ጠባቂ ይሆናል። በመሆኑም የብረት አያያዝ ለመጋዘን ሠራተኛ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

ሀ/ መለየት፦ አንግል፣ ላሜራና ቱቦላሬ በአብዛኛው ለስላሳ ብረት ስለሆኑ በቀላሉ ይቆረጣሉ፣ ይበየዳሉም። የመኪና ባሌስትራ ግን ካርቦን የበዛበት በመሆኑ ለማረሻና ለመጥረቢያ ይመረጣል። ሁለቱ ከተደባለቁ ጉዳት ይደርሳል፤ ከለስላሳው የተሠራ ማረሻ ቶሎ ይዶለዱማል፣ ያለ ጥንቃቄ የተበየደ ባሌስትራም በብየዳው አጠገብ ይሰነጠቃል። ጥርጣሬ ሲኖር ብረቱ በሚሽከረከር መሳያ ድንጋይ ይፈተን። ለስላሳው ረዣዥምና ቅርንጫፉ ጥቂት የሆነ ፍንጣሪ ሲሰጥ፣ ባሌስትራ እንደ ኮከብ የሚበተን ብዙ ፍንጣሪ ይሰጣል።

ለ/ ማስቀመጥ፦ ረዣዥም ብረቶች መሬት ላይ መጋደም የለባቸውም። ከወለል ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ፣ ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ ሆኖ፣ እንዳይጎብጡም ድጋፎቹ ተቀራርበው ይደርደሩ። ጫፋቸው ወደ መተላለፊያ አይውጣ። በቁሙ የተደገፈ ላሜራ ሰው ላይ እንዳይወድቅ በሰንሰለት ይታሰር። የቤት ክዳን ቆርቆሮ እርጥብ ሆኖ ከተደራረበ በነጭ ዝገት ስለሚበላ፣ ውሃው እንዲወርድ አንደኛው ጫፍ ከፍ ይበል። የብየዳ ኤሌክትሮድ በደረቅና በተዘጋ ሣጥን ይቀመጥ።

ሐ/ ምልክት ማድረግ፦ ለእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ቀለም ተመድቦ የብረቱ አንድ ጫፍ ይቀባ። መቁረጥ ሁልጊዜ ካልተቀባው ጫፍ ይጀመር፤ አለዚያ ምልክቱ ከመጀመሪያው ቁራጭ ጋር ይሄድና የተረፈው ማንነቱ ይጠፋል። ሊያገለግሉ የሚችሉ ቁርጥራጮች በዓይነትና በርዝመት ተለይተው ይቀመጡ። አዲስ ዘንግ ከመቆረጡ በፊትም ከእነርሱ የሚበቃ መኖሩ ይታይ።

መ/ መመዝገብ፦ የርክክብ ሰነድ በኪሎ ግራም ተጽፎ ሚዛን በማይገኝበት ጣቢያ፣ ፌሮን በስሌት ማረጋገጥ ይቻላል። ውፍረቱ በሚሊ ሜትር ተለክቶ በራሱ ይባዛል፤ ውጤቱ ለ162 ሲካፈል የ1 ሜትሩን ክብደት በኪሎ ግራም ይሰጣል። ለምሳሌ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ በሜትር 0.89 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ የ12 ሜትር ዘንግ ወደ 10.7 ኪሎ ግራም፣ 50 ዘንግ ደግሞ ወደ 533 ኪሎ ግራም ይሆናል። የተረከቡት ከዚህ በእጅጉ ካነሰ፣ ፊርማ ከመስጠት በፊት ዘንጎቹን እንደገና መቁጠርና መለካት ይገባል።

ጣቢያን የሚጎበኝ ኃላፊ ይህ ሁሉ መፈጸሙን በቀላሉ ሊያረጋግጥ ይችላል። መንገድ ከመዘጋቱ በፊት ወደ ጥገና ቤቱ ገብቶ ለአንድ ማረሻ የሚበቃ ባሌስትራ እንዲያሳዩት ይጠይቅ። ሠራተኛው መዝገቡን ገልጦ በቀጥታ ወደ ቦታው ከሄደ፣ ጣቢያው ለክረምቱ ተዘጋጅቷል። ክምር መገልበጥ ከጀመረ ግን፣ ተጨማሪ ብረት ከመጠየቁ በፊት ያለው ይደርደር።