የቆየ ሽጉጥ ወይስ አዲስ?

ጥያቄ፦ ለቤትና ለእርሻ ጥበቃ ሽጉጥ ለመግዛት አስቤያለሁ። አንድ ጎረቤቴ የቆየ ስታር ሊሸጥልኝ ነው፤ ወንድሜ ግን አዲስ ይሻላል ይለኛል። የትኛው ይበጀኛል? ከፍኖተ ሰላም

መልስ፦ ከሁሉ በፊት የሚቀድመው ፈቃድ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያን ያለ ፈቃድ መያዝም ሆነ ማስተላለፍ የተከለከለ ስለሆነ ከጎረቤት በእጅ መቀበል አይቻልም።

የቆየ ሽጉጥ ዋና ችግር መለዋወጫ ነው። ስታርን ይሠራ የነበረው የስፔን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 ስለተዘጋ፣ የደከመ ሞላና የተሰበረ መምቻ የሚተካ በቀላሉ አይገኝም። የጎጃም ክረምትም ብረት አይምርም፤ የቆዳ አፎት እርጥበት ስለሚይዝ ዝገቱ መሣሪያው አፎቱ ውስጥ እንዳለ ይጀምራል። የበርሜሉ ጥምዝ መስመሮች ከተበሉ ወይም ከተቦረቦሩ ሽጉጡን መተው ነው።

እጅግ አደገኛው የጥይት ስህተት ነው። የማካሮቭ ሽጉጥ ጥይት 9 በ18፣ የብዙ አዳዲስ ሽጉጦች ደግሞ 9 በ19 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለቱም «ዘጠኝ» ቢባሉም አንዱን በሌላው ቦታ መጠቀም አይገባም። ስታርም በተለያየ ልክ ተሠርቷልና በመሣሪያው ላይ የተቀረጸው መነበብ አለበት።

ብዙዎቹ አዳዲስ ሽጉጦች ሲወድቁ እንዳይተኩሱ መምቻውን የሚያግድ ክፍል አላቸው። ለጥበቃ አዲሱ ይመረጣል፤ የቆየው ለቅርስነት ያምራል። የቆየውን የመረጠ ሰው፣ ከመተኮሱ በፊት ፈቃድ ያለው የመሣሪያ ጥገና ባለሙያ ፈትቶ እንዲመረምርለት ያስፈልጋል።