የአረጋውያንን ተንከባካቢ መለወጥ የሚገባው መቼ ነው?

አረጋዊ አባትን ወይም እናትን በቤት ውስጥ ለሚንከባከብ ሰው አደራ መስጠት የልጅን ኃላፊነት አያስቀርም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 3 ወላጅን በእርጅናው መርዳትን ሲያስተምር፣ አእምሮው ቢደክም እንኳ እንዳይናቅ ያሳስባል። ስለዚህ አደራው መጠበቁን መከታተል ይገባል።

ጉድለት ሁሉ ግን ለመለወጥ ምክንያት አይሆንም። ለምሳሌ ከአልጋ የማይነሣ ሰው በየ2 ሰዓቱ ገደማ ካልተገላበጠ ተረከዙ፣ ዳሌውና ወገቡ ሊቆስል ይችላል። ተንከባካቢዋ ይህን ያጓደለችው ባለማወቅ ከሆነ ማስተማርና ሰዓቱን ጽፎ መስጠት ይቀድማል። የቤቱ ሥራ ሁሉ በእርሷ ላይ ተጭኖ እንደ ሆነም በቅንነት መመርመር ያስፈልጋል።

ከተማረች በኋላም ቸልታው ከቀጠለ፣ መድኃኒቱ ሲቆጠር ሳይሰጥ ከተገኘ፣ ወይም አረጋዊው ምግብና ውኃ እያጣ ከከሳ፣ መለወጥ ተገቢ ነው። እርሷ ስትገባ የሚሸማቀቅ ከሆነ ለብቻው በእርጋታ ይጠየቅ። ሰንበር ከታየ ከመውደቅም ሊመጣ ስለሚችል ሐኪም ይመልከተው። ድብደባ፣ ዘለፋ ወይም ማስፈራራት መኖሩ ሲታወቅ ግን አንድ ቀን እንኳ መታገሥ አይገባም።

በደል በሌለበት ለውጥ፣ አዲሷ ተንከባካቢ ከቀድሞዋ ጋር ጥቂት ቀናት አብራ ብትሠራ የአረጋዊውን ልማድ ትማራለች። ለምትሰናበተዋም የሠራችበት ደመወዝ ሳይጓደል ይከፈላት። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የአረጋዊው ቃል ይሰማ፤ ስለ ገዛ ሕይወቱ የሚወሰነውን ከሌሎች በኋላ ሊሰማ አይገባውምና።