ስለ ድካምና ስለ ገንዘብ፤ የገበሬ ቀን ዋጋ እንዴት እንደሚታሰብ

የአገር ሀብት በግምጃ ቤት ባለው ወርቅና ብር ብቻ የሚለካ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ብር አይበላም፣ አይለበስም፤ እህሉን የሚያበቅለው፣ ልብሱን የሚሸምነው፣ መንገዱንም የሚያቀናው የሰው ድካም ነው። ገንዘብ የዚህ ድካም መለኪያና መለዋወጫ ነው። ሹም ይህን ሲዘነጋ የሚደርሰውን ጉዳት፣ ሲያስተውለውም የሚገኘውን ጥቅም ከፈረንሣይ አገር ታሪክ መማር ይቻላል።

በ18ኛው መቶ ዓመት በፈረንሣይ አገር አውራ መንገድ የሚሠራው በገበሬ ጕልበት ነበር። በመንገዱ አቅራቢያ የሚኖር ገበሬ በየዓመቱ ብዙ ቀን በሬውንና ጋሪውን ይዞ ያለ ደመወዝ እንዲወጣ ይገደድ ነበር፤ መኳንንትና ካህናት ግን ከዚህ ግዴታ ነጻ ነበሩ። በመዝገብ የተጻፈ ወጪ ስለሌለም መንገዱ በከንቱ የተገኘ ይመስል ነበር።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1761 ዓ.ም. አን ሮቤር ዣክ ቱርጎ የሚባል ሊቅ በሊሞዥ ግዛት የንጉሥ እንደራሴ ሆኖ ተሾመ። ግዛቱ ድኻ ነበረ። ቱርጎ ነገሩን ቢመረምር፣ ያለ ዋጋ የሚባለው ሥራ እጅግ ውድ ሆኖ አገኘው። ገበሬው ለማያውቀው ሥራ ቀኑን ያጠፋል፤ በሬው ይደክማል፤ እርሻው በጊዜው ሳይታረስ ይቀራል፤ መንገዱም ሙያ በሌለው እጅ ስለሚሠራ ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ ቱርጎ ግዴታውን አስቀርቶ ሥራውን በደመወዝ ለሚያሠሩ ሰዎች በውል ሰጠ፤ ወጪውንም ለመንገዱ ቅርብ በሆኑት ብቻ ሳይሆን በግዛቱ አጥቢያዎች ሁሉ ላይ በገንዘብ አከፋፈለ። በ1770 ዓ.ም. ገደማ ረኃብ በመጣ ጊዜም ችግረኞች በመንገድ ሥራ ደመወዝ እንዲያገኙ አደረገ።

የገንዘብ ጥቅም በዚህ ይታወቃል። ገበሬው በእርሻው ውሎ ካገኘው ጥቂት ይከፍላል፤ መንገድ ሠሪውም በሙያው ጸንቶ ይሠራል። አዳም ስሚዝ የሕዝቦችን ሀብት ምንጭ በሚመረምረው በ1776 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፉ፣ 10 ሠራተኞች ሥራውን ተከፋፍለው በአንድ ቀን ከ48,000 በላይ ስፒል ሲሠሩ፣ ሳይማሩና ሳይተባበሩ ግን እያንዳንዳቸው 20 እንኳ ሊሠሩ እንደማይችሉ አስረድቷል።

ቱርጎ በ1774 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስትር ሆነ፤ በ1776 ዓ.ም. የመንገዱን ግዴታ በመላው አገር የሚሽርና ባለ መሬት መኳንንትም እንዲከፍሉ የሚያዝ አዋጅ አሳወጀ። መኳንንቱም ተቃወሙት፤ በዚያው ዓመት እርሱ ከሹመቱ ተሻረ፣ ግዴታውም ተመለሰ። ሸክሙም እንደ ቀድሞው በድኻው ገበሬ ላይ ወደቀ።

ነገር ግን ግዴታን በገንዘብ መለወጥ ብቻውን አይበቃም። ገበሬ እህሉን ሳይሸጥ ግብር ቢጠየቅ፣ ወይ በርካሽ ይሸጣል ወይ በአራጣ ይበደራል። ስሚዝ ግብር መጠኑ የታወቀ፣ ጊዜውም ለከፋዩ የሚመች ይሁን ብሎ ማስተማሩ ስለዚህ ነው።

በኢትዮጵያ የእርከንና የተፋሰስ ሥራ በሕዝብ ጕልበት በብዛት የሚሠራው በበጋ፣ አዝመራ ከገባ በኋላ ነው። ጊዜው መልካም ነው። በጥር የሚሰጥ አንድ ቀን በሐምሌ ከሚሰጥ አንድ ቀን ጋራ አይተካከልም፤ በአረም ጊዜ የጠፋ ቀን ከምርቱ ላይ ይጐድላልና።

ስለዚህ ሹም ሕዝብን ለሥራ ከመጥራቱ በፊት ሦስት ነገር ሊመረምር ይገባዋል።

1ኛ፤ የተጠራው ሰው ብዛትና የሚሠራው ቀን ስንት እንደሆነ፣ በአገሩ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ቢታሰብም ስንት ብር እንደሚወጣው በመዝገብ ይጻፍ።

2ኛ፤ ቀኑ ከእርሻ፣ ከዘር፣ ከአረምና ከአጨዳ ጊዜ ጋራ እንዳይጋጭ ይታይ።

3ኛ፤ በሥራው የሚጠቀመው ማን እንደሆነ ይታወቅ፤ ጥቅሙ የብዙዎች ሲሆን ድካሙ በጥቂቶች ላይ አይውደቅ።

ይህ ሳይታሰብ የተሠራ ሥራ ወጪ የሌለው መስሎ ይታያል፤ ወጪው ግን ከገበሬው ጐተራ ይከፈላል።