አዲሱ ስልክ ወደ ቢጫ ሲያደላ፦ ሴቲንግ ነው ወይስ ስክሪኑ?



«ስልኩን ከገዛሁት ገና ሦስት ቀኑ ነው፤ ስክሪኑ ግን ቢጫ ቢጫ ይላል። ልመልሰው ወይ?» እዚህ ኮሎምበስ ኦሃዮ ውስጥ ሶፍትዌር ኢንጂነር መሆኔን የሚያውቁ ሰዎች ደጋግመው ከሚጠይቁኝ ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ቀነ ገደብ አለው። የአሜሪካ ሱቆች የተሸጠ ዕቃ መልሰው የሚቀበሉት አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ሳምንት ወይም ለአንድ ወር ያህል ብቻ ነው። ስልኩ ለእናት ወይም ለወንድም የተገዛ ከሆነ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው ሻንጣ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ መመለስ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ስልኩ ሻንጣ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ችግሩ ከሴቲንግ ይሁን ከራሱ ከስክሪኑ መለየት ያስፈልጋል። አሥር ደቂቃ ይበቃል።

ነጭ የሚባለው የቱ ነው?

የገና ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በጧፍ ብርሃን የታየ ነጠላ አስቡ። ነጭ ነው አይደል? ከነጠላው ተነስቶ ዓይናችሁ ውስጥ የሚገባው ብርሃን ግን ብርቱካናማ ነው። ነጭ የሚያደርገው አእምሯችን ነው፤ በአካባቢው ያለውን ብርሃን ገምቶ ይቀንስለታል። የካሜራችሁን የነጭ ማስተካከያ አጥፍታችሁ ያንኑ ነጠላ ብታነሱት ቢጫ ሆኖ ይወጣል።

ብርሃን ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሰማያዊ ማድላቱን የምንለካው በኬልቪን ነው። አንጥረኛ ብረት ሲያግል ያየ ሰው ይህ አይከብደውም፤ ብረቱ መጀመሪያ ይቀላል፣ ሙቀቱ ሲጨምር ብርቱካናማ ይሆናል፣ ከዚያ ወደ ቢጫና ወደ ነጭ ይሄዳል። የጧፍ ብርሃን ወደ 1900 ኬልቪን፣ እዚህ አገር ሳሎን ውስጥ የሚሰቀለው ቢጫማ አምፖል 2700፣ የቀን ብርሃን ደግሞ 6500 ገደማ ነው። የሚያስቀው ነገር በሴቲንግ ውስጥ «ሞቃት» የሚባለው ቢጫው፣ «ቀዝቃዛ» የሚባለው ሰማያዊው መሆኑ ነው፤ ከአንጥረኛው ብረት ተቃራኒ።

ለስክሪን ነጭ የትኛው ይሁን የሚለው በስምምነት የተወሰነ ነገር ነው። ኤችፒ እና ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1996 ያቀረቡት ኤስአርጂቢ የተባለው መስፈርት ነጩን ዲ65 ላይ ያስቀምጠዋል፤ ይህም ወደ 6500 ኬልቪን ማለት ነው። ዛሬም ድረ ገጾች የሚሠሩት በዚሁ መስፈርት ነው። ነገር ግን ብዙ ስልኮች ከፋብሪካ ሲወጡ ሱቅ ውስጥ ዓይን እንዲስቡ ተብሎ ከዚህ በላይ ወደ ሰማያዊ ያደሉ ናቸው። ለዓመታት እንዲህ ያለ ስልክ የያዘ ሰው በትክክል 6500 ላይ የተስተካከለ አዲስ ስልክ ሲገዛ «ቢጫ ነው» ማለቱ አይቀርም። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስቀምጣቸው ደግሞ ይብሳል፤ ዓይን በማነጻጸር ጎበዝ ነው፣ የትኛው ልክ እንደሆነ በመፍረድ ግን አይታመንም። የሚታመን ማነጻጸሪያ ከፈለጋችሁ ቀን ላይ መስኮት አጠገብ ሁኑና ከስልኩ ጎን ነጭ ወረቀት ያዙ።

መጀመሪያ የሚጠፉ ነገሮች

አይፎን ላይ ትሩ ቶን የሚባል አለ። የክፍሉን ብርሃን በሴንሰር እየለካ ነጩን አብሮ ያንቀሳቅሳል። በ2016 በአይፓድ ፕሮ ጀምሮ በ2017 ወደ አይፎን 8 እና ወደ አይፎን ኤክስ መጣ። እኔ እወደዋለሁ፤ ለምርመራ ግን መጥፋት አለበት። ከዚያ ናይት ሺፍትን አጥፉ፤ በመጨረሻም አክሰሰቢሊቲ ውስጥ ገብታችሁ የቀለም ፊልተር አለመብራቱን እዩ። ሳምሰንግ ላይ አይ ኮምፎርት ሺልድ የሚለውን አጥፉና የስክሪን ሞድን ከቪቪድ ወደ ናቹራል ቀይሩ። ሌሎች አንድሮይዶች ላይ ናይት ላይት ወይም እሱን የመሰለ ስም ፈልጉ።

ወደ ኢትዮጵያ በሚላኩ ስልኮች ላይ ደግሞ አንድ የማይጠረጠር ምክንያት አለ፤ እሱም ሰዓቱ ነው። ናይት ላይት ከምሽቱ 10 ፒኤም እስከ 6 ኤኤም እንዲበራ ተሞልቷል እንበል። በበጋ ወራት የስልኩ ሰዓት በኦሃዮ አቆጣጠር እንደተቆለፈ አዲስ አበባ ከገባ፣ ስክሪኑ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ቢጫ ሆኖ ይውላል። ሌላም አለ። አገር ቤት ብዙ ሰው ስልኩ የሐበሻ ሰዓት እንዲያሳይለት ሰዓቱን በእጁ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ስልኩ ይህን አያውቅም፤ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ «ሌሊት 1 ኤኤም ነው» ብሎ ያምናል። ስለዚህ ቢጫው እስከ እኩለ ቀን አይለቅም። «ጠዋት ጠዋት ቢጫ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ይድናል» የሚል ቅሬታ ከሰማችሁ ስክሪኑን ትታችሁ ሰዓቱን እዩ። የሐበሻ ሰዓት የሚያሳዩ አፖችና ዊጀቶች ስላሉ የስልኩን ሰዓት በአውቶማቲክ መተው ይሻላል።

ስክሪንሹት ስክሪኑን አያነሳም

ሰዎች ችግሩን ሊያሳዩኝ ስክሪንሹት ይልኩልኛል። ስክሪንሹቱ ግን ንጹህ ነጭ ነው! ምክንያቱን ማወቅ ለፕሮግራመርም ይጠቅማል። አፑ የሳለው ምስል ሜሞሪ ላይ ይቀመጣል፤ ስክሪንሹት የሚወስደው ያንን ነው። ናይት ላይት፣ ትሩ ቶን፣ የስክሪን ሞድ ግን የሚጨመሩት ከዚያ በኋላ፣ ምስሉ ወደ ስክሪኑ በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው። በዚያ ቦታ እያንዳንዱ ፒክስል በሦስት በሦስት የቁጥር ማትሪክስ ይባዛል፤ ቀዩ እንዳለ ይቆያል፣ አረንጓዴው ትንሽ፣ ሰማያዊው ብዙ ይቀንሳል።

ከዚህ ጥሩ መመርመሪያ ይወጣል። ስክሪንሹቱን ወደ ሌላ ስልክ ላኩ። እዚያም ቢጫ ከሆነ ጥፋቱ የአፑ ወይም የገጹ ነው፤ ለምሳሌ የንባብ አፕ ወረቀት ለማስመሰል ጀርባውን ቢጫ አድርጎት ይሆናል። እዚያ ነጭ ከሆነ ደግሞ ወይ ሴቲንግ ነው ወይ ስክሪኑ ራሱ። ስክሪኑን በሌላ ስልክ ካሜራ ማንሳትስ? ካሜራው ነጩን በራሱ ስለሚያስተካክል ማስረጃ አይሆንም፤ ነጭ ወረቀት አብሮ ፍሬሙ ውስጥ ካልገባ በስተቀር።

ስክሪኑን መመርመር

አሁን ሁሉም ጠፍቷል፤ ቀለሙ ግን አለ። አንድ ግራጫ ምስል አዘጋጁ፤ ሦስቱም ቀለሞች 128 የሆኑበት አንድ፣ 20 የሆኑበት ሌላ አንድ። በማንኛውም የስዕል አፕ ይሠራል። ክፍሉን አጨልሙና ምስሉን ስክሪኑን ሙሉ አድርጋችሁ ክፈቱት፤ ብርሃኑን መጀመሪያ ከፍ ከዚያ እስከ ታች ዝቅ አድርጉ።

ሴቲንግ ያመጣው ቀለም ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው፤ ማትሪክሱ ቦታ አይመርጥም። አንዱ ጎን አረንጓዴማ ሌላው ሮዝማ ከሆነ፣ ወይም ደመና የመሰለ ነገር ከታየ የስክሪኑ ነው። ብርሃኑ ሲቀንስ ብቻ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ የሚመጣ ከሆነ ይህ በኦሌድ ስክሪን ላይ የሚታወቅ ችግር ነው። በኦሌድ ላይ እያንዳንዱ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነጥብ የራሱን ብርሃን ይሰጣል፤ በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ ሲያገኙ የሦስቱ ሚዛን በቀላሉ ይዛባል። አምራቾች ይህን አንዳንድ ጊዜ በአፕዴት ያርሙታል። ስልኩን ስታዘነብሉት ትንሽ ወደ ሰማያዊ መሄዱ ግን በኦሌድ ላይ የተለመደ ነው።

ትልልቆቹም ከዚህ አላመለጡም። በ2017 የጋላክሲ ኤስ8 ገዢዎች በኮሪያ ስክሪኑ ቀላብን ብለው አማረሩ፤ ሳምሰንግ የሃርድዌር ጉድለት አይደለም ብሎ ቀለሙን በስፋት ለማስተካከል የሚያስችል አፕዴት አወጣ። በዚያው ዓመት ፒክስል 2 ኤክስኤል ደግሞ ሲዘነበል ሰማያዊ ይሆናል፣ ቀለሙም ደብዛዛ ነው ተባለ። ጉግል ደመቅ ያለ የቀለም ሞድ ጨመረ፤ የሁለቱን ፒክስል 2 ስልኮች ዋስትናም ወደ ሁለት ዓመት አራዘመ። በአፕዴት ይስተካከላል የተባለን ነገር መጠበቅ የእናንተ ውሳኔ ነው፤ የእኔ ምክር ግን የመመለሻው ቀን ካላለፈና ቀለሙ ከቦታ ቦታ የሚለያይ ከሆነ እንድትመልሱት ነው። ወጥ ያልሆነ ስክሪንን የሚያድን ሴቲንግ የለም።

ይህ ሁሉ ለምን አስጨነቀህ የሚል ካለ፣ ከአዲስ አበባ በቴሌግራም ፎቶ እየታየ የሚታዘዝ የሠርግ ቀሚስ ያስብ። ሻጯ ጥለቱን ሱቅ ውስጥ በቀዝቃዛ ነጭ አምፖል ታነሳለች፤ እዚህ ያለችው ሙሽራ ማታ ናይት ሺፍት በበራበት ስልክ ታየዋለች። ወርቃማውና ክሬሙ፣ ሰማያዊውና ወይን ጠጁ የሚምታቱት በዚህ መሃል ነው። ሻጯ ጥለቱን በቀን ብርሃን፣ ከነጭ ሸማ ጋር አብራ ታንሳው፤ ገዢዋም ማስተካከያዎቹን አጥፍታ ትየው።

ብርሃኑ

ስለ ብርሃን ሲነሳ አብዛኛው ሰው የሚያማርረው «በራሱ ይወርዳል፣ ይወጣል» ብሎ ነው። የስክሪን ብርሃን የሚለካው በኒት ነው። 300 ሉክስ ብርሃን ባለበት ክፍል ውስጥ ያለ ነጭ ወረቀት ወደ 80 ኒት ይሰጣል፤ ስለዚህ ማታ ቤት ውስጥ ስክሪኑ ከጎኑ ካለው ወረቀት ጋር እስኪመሳሰል ዝቅ ማድረግ ለዓይን ይመቻል። ያው ወረቀት ቀጥተኛ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ወደ 28 ሺህ ኒት ይደርሳል። ባለ 500 ኒት ስልክ እዚያ ላይ ምንም ማድረግ አይችልም። በታኅሣሥ ኮሎምበስ ውስጥ የቀትር ፀሐይ ከአድማስ በላይ 27 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ትላለች፤ በዚያው ወቅት አዲስ አበባ ላይ ከ57 ዲግሪ በላይ ናት። ኦሃዮ ክረምት ላይ «በቂ ነው» ያላችሁት ስልክ መርካቶ አስፋልት ላይ ላይነበብ ይችላል። ለአገር ቤት ስልክ ስትመርጡ ከካሜራው ሜጋፒክስል በፊት የስክሪኑን ኒት ጠይቁ።

ብርሃኑ በራሱ መለዋወጡን ወዲያው አታጥፉት። ከ2018ቱ አንድሮይድ 9 ጀምሮ ያለው አዳፕቲቭ ብራይትነስ ባርዋን በእጃችሁ ስትገፉ በዚያ ብርሃን ውስጥ ምን እንደምትመርጡ ይማራል። ጥቂት ቀን እያረማችሁ ታገሱት። ማታ የመጨረሻው ዝቅታም ከበዛባችሁ አንድሮይድ 12 ላይ ኤክስትራ ዲም፣ አይፎን ላይ ሪዲውስ ዋይት ፖይንት አለ።

ያው አንድሮይድ 9 ባርዋ ራሷ የምትሠራበትንም መንገድ ቀይሯል። ዓይናችን ብርሃንን የሚመዝነው በድምር ሳይሆን በብዜት ነው፤ ከ10 ወደ 20 ኒት መሄድና ከ200 ወደ 400 መሄድ ተቀራራቢ ሆኖ ይሰማዋል። ከ2 እስከ 500 ኒት የሚሰጥ ስክሪን ላይ ባርዋ በቀጥታ ብትከፋፈል መሃሏ 251 ኒት ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ለዓይን ሙሉ ሊመስል ምንም አይቀረው። በብዜት ከተሰላ ግን መሃሉ የ2 እና የ500 ብዜት ካሬ ሥር፣ ማለትም 32 ኒት ገደማ ነው።

አፕ ለምትሠሩ ይህ ቀጥታ ይመለከታችኋል። የአፑ መስኮት ብርሃን በ0 እና በ1 መካከል በሆነ ቁጥር ሲሰጥ 0.5 ማለት የባርዋ መሃል ማለት አይደለም። የክፍያ ኪውአር ኮድ ስታሳዩ ብርሃኑን ወደ 1 ማውጣት ተገቢ ነው፤ ተጠቃሚው ከገጹ ሲወጣ ግን ቁጥሩን ወደ አሉታዊ 1 መልሱ፤ ይህም «የተጠቃሚውን ምርጫ ተከተል» ማለት ነው። ቀለም ላይም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ፤ 128 ግራጫ የነጭ ግማሽ ብርሃን ይመስላል እንጂ የሚሰጠው 22 በመቶ ያህሉን ነው። ግማሹን የሚሰጠው 188 ነው። ሁለት ቀለም ስትቀላቅሉ ወይም ምስል ስታሳንሱ ቁጥሮቹን መጀመሪያ ወደ ብርሃን መጠን ካልመለሳችሁ ውጤቱ ይጨልማል። በፈዛዛ ግራጫ በነጭ ላይ የተጻፈ ትንሽ የአማርኛ ጽሑፍ ደግሞ ዲዛይነሩ ቢሮ ውስጥ ያምራል፤ ሳ እና ላ፣ ቀ እና ቁ የሚለዩበት ቀጭን መስመር ፀሐይ ላይ ግን የለም። አፓችሁን ከመልቀቃችሁ በፊት ብርሃኑን ግማሽ ላይ አድርጋችሁ፣ ናይት ላይትን አብርታችሁ፣ በረንዳ ላይ ወጥታችሁ አንብቡት።