«ነፃ» የሚባለው ሶፍትዌር ወጪውን የሚሸፍነው ማነው?

ደምበጫ ላይ በርበሬ ወይም በቆሎ የሚገዛ ነጋዴ ዛሬ የመርካቶን ዋጋ የሚጠይቀውም ሆነ በቴሌብር ሒሳብ የሚያወራርደው በእጅ ስልኩ ነው። በገበያው በብዛት የሚሸጡት ዘመናዊ ስልኮች፣ ቴክኖን ጨምሮ፣ የሚሠሩት አንድሮይድ በተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ማለትም የስልኩን ሥራ ሁሉ በሚመራው መሠረታዊ ፕሮግራም ነው። አንድሮይድ «ክፍት» ከሚባሉት ይመደባል። ይኸውም ኮዱን ማንም ያለ ክፍያ ወስዶ ሊለውጠው ይችላል ማለት ነው።

ለመሆኑ በነፃ የሚሰጥ ዕቃ ባለቤቱን ምን ይጠቅመዋል?

አንድሮይድን እ.ኤ.አ. በ2005 የገዛውና የልማቱን ወጪ በአመዛኙ የሚሸፍነው ጉግል ነው። ትርፉ የሚመጣው ከማስታወቂያና ፕሌይ ስቶር ከተባለው የፕሮግራም መሸጫው ከሚቆርጠው ኮሚሽን ነው። ኮዱ ክፍት ይሁን እንጂ ፕሌይ ስቶር የሚሰጠው በጉግል ፈቃድ ብቻ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2018 ጉግልን 4.34 ቢሊዮን ዩሮ የቀጣው፣ ከሌሎች ምክንያቶች ጋር፣ ይህን ፈቃድ ለስልክ አምራቾች ሲሰጥ የራሱን ፕሮግራሞች አብረው እንዲጭኑ አስገድዷል በሚል ነው። ቅጣቱ በ2022 በፍርድ ቤት ወደ 4.125 ቢሊዮን ዝቅ ብሏል። ሁዋዌም በ2019 የአሜሪካ መንግሥት ማዕቀብ ሲጥልበት የአንድሮይድን ኮድ መጠቀም አልተከለከለም፤ አዳዲስ ስልኮቹ ግን ፕሌይ ስቶርን አጡ።

ነገሩ ከአረቄ ንግድ ጋር ይመሳሰላል። የአረቄ አወጣጥ በደምበጫ ምስጢር አይደለም፤ ሙያውን የተማረ ሁሉ ያወጣል። ሆኖም የገበያውን በር አንድ ሰው ብቻ ቢይዘው አውጪው ሁሉ የእሱ ጥገኛ ይሆናል።

ይህ ሲባል ክፍትና ዝግ ሶፍትዌር አንድ ናቸው ማለት አይደለም። ልዩነቱ የሚታየው ገንዘብ አውጪው ሐሳቡን ሲለውጥ ነው። አይቢኤም ሬድ ሃት የተባለውን የሊኑክስ ኩባንያ በ2019 በ34 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ሬድ ሃት በ2020 መጨረሻ፣ በነፃ ይሰጥ ለነበረው ሴንቶስ ሊኑክስ 8 የሚያደርገውን ድጋፍ በቀጣዩ ዓመት እንደሚያቋርጥ አስታወቀ። ኮዱ ክፍት በመሆኑ ግን ሌሎች ወገኖች በ2021 ሮኪ ሊኑክስንና አልማ ሊኑክስን ተኩ። በአንፃሩ ማይክሮሶፍት በኦክቶበር 2025 የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ ሲያበቃ፣ ኮዱን ተረክቦ ሊያስቀጥል የሚችል ሌላ ወገን አልነበረም።

ስለሆነም ለድርጅቱ ኮምፒዩተር ወይም ሶፍትዌር የሚገዛ ነጋዴ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ሦስት ነገር ማጣራት ይገባዋል። ወጪውን የሚሸፍነው ማነው? ወሳኙስ ማነው? ወሳኙ ቢያቋርጥ የሒሳብ መዝገቡን ይዞ የሚወጣበት መንገድ አለ ወይ?